ወርቅ የለበሰው ፒን

በባሌ ሱሪ ጉልበት ላይ እየወጣ ያስቸገረኝን ጥቁር ነገር ግራሶ ነው ብዬ ስፈትገው ሰንብቻለሁ። ሳጥበው ይለቃል፣ በማግስቱ ተመልሶ እዚያው ቦታ ይቀመጣል። ዛሬ ጠዋት ግን ሳሙናውን ከማንሳቴ በፊት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በሁለት ጣቴ አሸት አደረግኩት። ግራሶ ያሙለጨልጫል። ይሄ አላሙለጨለጨም፤ እንደ እርሳስ ፍቅፋቂ ደረቅ ነው፣ ጣት ላይ ይሻክራል። ከማሽን ዘይት ቢፈስ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ዱቄት ከፈሰሰ ግን ውስጥ ያለ አንድ ነገር እያለቀ ነው ማለት ነው።

ባሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። የእረፍት ቀኑ ስለሆነ እግሩን ገና አልለበሰም። ሰው ሠራሹ እግር ጫማና ካልሲ እንዳደረገ ወንበሩን ተደግፎ፣ አንድ ሰው ረስቶት የሄደ ይመስል ቆሟል። ጠጋ ብዬ አነሳሁት።

"ደግሞ ማን ሞተ?" አለኝ።

"ማንም።"

"መርዶ ነጋሪዋ ማንም ካለች ቢያንስ ሁለት ሰው ሞቷል ማለት ነው።"

እንዲህ ነው የሚጠራኝ፣ መርዶ ነጋሪዋ። አልፈርድበትም። ስልክ ሲጮህ ሬሳ ነው የሚታየኝ፤ ልጄ ካመሸች መኪና ገጭቷት፣ ዝናብ ካጠነከረ ጣሪያው ተደርምሶብን ነው የሚታየኝ። ክፉ ክፉውን አስቀድሜ ካሰብኩት ክፉው አፍሮ ይቀራል እያልኩ ነው የኖርኩት። ያልመጣውን ሁሉ ደጅ ወጥቼ ስጠብቅ፣ የመጣውን በሳሙና እያጠብኩ ገመድ ላይ አሰጣው ነበር ለካ።

የጉልበቱን ሁለት ብሎኖች እንዴት እንደሚፈቱ ባሌ አሳይቶኛል። ከውስጥ አንዲት ፒን ትወጣለች፣ የትንሽ ልጅ ጣት የምታህል፤ ጉልበቱ የሚታጠፈውና የሚዘረጋው በእሷ ላይ ነው። ስትመጣ ዙሪያዋን ወርቅ ነበረች። አሁን ባንድ ጎኗ ወርቅ ናት። የሰውነቱ ክብደት በሚያርፍበት በሌላው ጎኗ ግን ወርቁ ተልጦ አመድማ ብረት ወጥቷል፣ ብረቱም ድመት የቧጨረው ይመስላል። ወደ ቤት ሲገባ ከጉልበቱ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ መስማት የጀመርኩት ከሰነበተ ነው። "አዲስ ጫማስ ሲጥ ይል የለ?" ብሎኝ ነበር፣ እኔም ለአንዴ በሕይወቴ ደግ ደጉን አስቤ ዝም አልኩ።

ብረቱ ቲታኒየም ይባላል። ከተራው ብረት በጣም ይቀላል፣ አይዝግም፣ ሸክም ይችላል፤ አንድ ዓመል ብቻ አለበት፣ መፋተግ አይሆንለትም። ሌላ ብረት ሲያሸው ቆዳው ይላጣል፣ የተላጠው ዱቄት መልሶ ራሱን ይፈጨዋል፣ በመጨረሻም ሁለቱ ብረቶች ይናከሱና አንዱ ሌላውን አልለቅም ይላል። "ጉልበታም ሰው ሆኖ ቆዳው ስስ እንደማለት ነው፣ ልክ እንደ አባዬ" ብላ ነው ልጄ ያስረዳችኝ። የቴክኒክ ትምህርቷን ጨርሳ ከአጎቷ ወርክሾፕ የገባች ሰሞን እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ቆዳውን ያበስሉታል። ፒኖቹን አጥበው፣ በባዶ እጅ ሳይነኩ፣ በቀጭን ሽቦ ምድጃ ውስጥ ይሰቅላሉ፤ ፓምፑ አየሩን መጥጦ ያወጣል፣ በምትኩ ናይትሮጅን የሚባል ጋዝ ይገባል፣ እሳቱም ቀኑን ሙሉ ሌሊቱን ሙሉ ይነድዳል። ጋዙ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ሲገባ ቆዳው ሞረድ የማይበላው ጠንካራ ይሆናል። ቀለሙም ወርቅማ፣ ግን የማያብረቀርቅ፣ እንደ ደረቀ የሎሚ ልጣጭ። "ቀለም ቀብተነው አይደለም እማዬ፣ ራሱ ብረቱ ነው የተለወጠው" ትለኝ ነበር። እጇን እያየሁ እሰማት ነበር፣ ይቃጠላል ብዬ።

ባሌ በአዲሱ እግር ሥራ አግኝቷል። በድሮው ከባድ እግር ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ ነበር ዓመታት ያለፉት። አሁን የእህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ይቆማል፣ መኪና ሲመጣ በብረት መወጣጫው እየወጣ እየወረደ ከረጢት ይቆጥራል። ፒኗን መዳፌ ላይ ይዤ የታየኝ ያ መወጣጫ ነው። እግሩን ሊያነሳ ሲል ጉልበቱ ቀጥ ሲልበት፣ ከኋላው ደግሞ ኩንታል የተሸከመ ሰው።

"ልጅቷ ልትለካት ፈልጋለች፣ ማታ ይዤልህ እመጣለሁ" አልኩት።

"ወርቄን ሸጠሽ እንዳትጠፊ" አለኝ፤ ሬዲዮኑን ከፈተ።

ፒኗን በመሀረብ ጠቅልዬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የተብሰለሰልኩት ስለ ልጄ ነው። በባዶ እጇ ነክታት ይሆን? ቶሎ አውጥታት ይሆን? ጥፋቱ የእሷ መሆኑን አልተጠራጠርኩም፤ ክፉ ነገር ሲመጣ ከቤቴ ሌላ የሚያውቀው አድራሻ ያለ አይመስለኝም። ምድጃውን የያዘችው እሷ ናት፤ ሰው ወድቆ ቢሰበር የሚጠየቀው ምድጃውን የያዘ ነው። እስር ቤት ስንቅ ሳመላልስላት ሁሉ ታየኝ፣ የትኛውን ሳህን እንደምይዝ ሳይቀር።

መታጠፊያው ላይ ከፎቅ ገመድ የታሰረ ቅርጫት ወርዶ አናቴን ሊመታኝ ምንም አልቀረው። የልብስ ሰፊው ቅርጫት ነው። እግሩን ካጣ ወዲህ ደረጃ መውጣትና መውረድ ስለሚከብደው ደንበኞቹን በዚህ ነው የሚያስተናግደው፤ የሚሰፋው ልብስ በቅርጫት ይወጣል፣ የተሰፋው በቅርጫት ይወርዳል። ከባሌ ጋር የተዋወቁት እግር በሚሠራላቸው ማዕከል አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ ሲጠብቁ ነው።

"እትዬ! ወርቄ እንዴት አደረ?" አለኝ ከመስኮቱ አጎንብሶ።

"የምን ወርቅ?"

"የጉልበቴ ነዋ! ሰኞ ነው የሚገጠምልኝ። ዛሬ ከእናንተው ወርክሾፕ ይጫናል ብለውኛል። ለአንጥረኛዋ ልጅሽ ንገሪልኝ፣ የእኔን ደህና አድርጋ ታብስልልኝ፣ ከዚህ ወርጄ ባልሽን ዳንስ ልጋብዘው ነው።"

"ሁለት እግር ይዛችሁ ማን ሊደንስ ነው?" አልኩት።

"ሁለት ደህና፣ ሁለት ወርቅ፣ አራት አይሞላም እትዬ? ሒሳብ አልተማርሽም እንዴ?"

ሳቅሁ። መሀረቡን ግን በሁለት እጄ ጨብጬው ነበር።

ወርክሾፑ ከሸቀጥ ሱቆች ጀርባ ነው፣ ረጅም፣ ባለ ቆርቆሮ በር፣ አሲድ አሲድ የሚሸት። ለልጄ ምሳ ይዤ ስመላለስ የምቀመጥባት አንዲት አግዳሚ አለች፤ ምሳዋን ራሷ ይዛ መሄድ ከጀመረች ወዲህ ግን አልመጣሁም ነበር። ምድጃው ከግድግዳው ወዲያ ስለሆነ ጀርባዬን ያሞቀኝ ነበር፣ ወገቤን ስለሚያመኝ እወደው ነበር። ገብቼ እንደልማዴ ተቀመጥኩ። ግድግዳው በረዶ ነበር። ተነስቼ ወዲያ አየሁ። ሰው እጁን የማያስጠጋበት ያ ትልቅ ምድጃ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተደርድሯል፣ እጀታው ላይ የሆነ ሰው ጃኬት ተሰቅሏል፣ በጃኬቱ ትከሻ ላይ አቧራ አለ።

ልጄ በወዲያኛው ጥግ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገንዳ ላይ አጎንብሳለች። የጎማ ጓንት አጥልቃ አንዲት ፒን በሽቦ አንጠልጥላ ፈሳሽ ውስጥ ነከረች፣ በሌላ እጇ የመብራት ኃይል የሚጨምር እንደ ሬዲዮ ያለ ሣጥን ላይ ቁልፍ አዞረች። አመድማ የነበረችው ፒን ቡናማ ሆነች፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ እንደ ምሽት ሰማይ ደማቅ ሰማያዊ፣ ከዚያ ገርጥታ ገርጥታ ወርቅ ሆነች። ሁሉም ነገር እኔ አንድ ብርጭቆ ውሃ በምጠጣበት ጊዜ አለቀ። እንዴት ያምራል! መጀመሪያ ያልኩት ይሄንን ነው፣ በልቤ። ልጄ ፒኗን አውጥታ አጠበች፣ በነጭ ወረቀት ጠቀለለች፣ ከመሰሎቿ ጋር ካርቶን ውስጥ አስተኛቻት። ቀና ስትል አየችኝ።

"ምድጃውስ?" አልኳት።

"ፓምፑ ሞቷል።"

"መቼ?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት ጓንቷን አወለቀች፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ። "አባዬ አዲሱን እግሩን ከማግኘቱ በፊት። መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ አጎቴ እስኪመጣ በዚህ እንሥራ አለ። ይሄ ቀለሙ ብቻ ነው እማዬ። ለዓይን ነው። ሲነካኩት ይለቃል።"

መሀረቡን ፈታሁላት። ፒኗን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ አዟዙራ አየቻት፣ ፊቷ እንደ ቅድሙ ብረት አመድ መሰለ።

"ይሄ የእኔ አይደለም። ለአባዬ ያስቀመጥኩት ከመጨረሻው ምድጃ የወጣ ነው፣ የበሰለ። እንዳይቀየር ቀይ ክር አስሬበት ለአጎቴ በእጁ ነው የሰጠሁት።"

"ቀይ ክር አላየሁም" አልኩ።

የወንድሜ ቢሮ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁሉንም ያያል፣ ሁሉንም ይሰማል። በሩን ከፍቶ ወጣ። ሠራተኛውም ደንበኛውም ኢንጂነር ይለዋል፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው፣ ታላቄ ነው። ምንጊዜም ሸሚዙ የተተኮሰ ነው።

"ምን ሆናችኋል፣ ለቅሶ አለ እንዴ?" አለ። ከዚያ የልጄን እጅ አየ፤ ዓይኑን አልሰበረም። "እህ፣ እሷን ነው? ቀይ ክር ያላት እዚህ ናት። ማዕከሉ ሲረከብ በሞረድ ይፈትናል፤ ምን ላስፈትን? የበሰለ ያለኝ እሷ ብቻ ናት።"

"ለአባቷ ያስቀመጠችውን?" አልኩት።

"እሱ የት ይሄድበታል?" አለ ወንድሜ። በንዴት አይደለም፣ የመንገድ ርቀት እንደሚያሰላ ሰው ነው የተናገረው። "ከቤት መጋዘን፣ ከመጋዘን ቤት። ለእሱ ይሄም በዝቶበታል! ፓምፑ ሲመጣ ለእሱም ለሌላውም መልሰን እናበስላለን።"

"ከሰዎቹ ጉልበት ውስጥ አውጥተህ?" አለች ልጄ።

ዞር ብሎ አያት። "አንጥረኛዋ፣ ስሚኝ። ገንዳው ላይ የቆመው ማነው? የማን እጅ ነው የቀባው? ጣት መቀሰር ከተጀመረ መጀመሪያ የሚቀሰረው ወደ ማን ይመስልሻል?" ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ፣ ድምፁ ለሰለሰ፣ እንደ ልጅነታችን። "አንቺም እህቴ፣ እዚህ በር ላይ ቁልፍ ከተንጠለጠለ፣ የእናንተስ በር የማን ነው?"

የምንኖረው በእሱ ግቢ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ነው። ኪራይ አንከፍልም። የመብራት ቆጣሪው በእሱ ቤት ውስጥ ነው፣ የውሃው መክፈቻ በእሱ በረንዳ ሥር ነው፤ ማታ የምናበራትን አንዲት አምፖል እንኳ እሱ እንደሚያያት እያወቅን ነው የምናበራት። ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም ስል ነው የኖርኩት። ባሌ እግሩን ያጣ ጊዜ ያስጠጋን እሱ ነው፣ ልጄን ሥራ ያስገባት እሱ ነው፣ ይቺንም ፒን በገዛ እጁ ይዞ መጥቶ "ለአማቼ ወርቅ አመጣሁ" ብሎ ጠረጴዛችን ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው። ባሌ ቆሞ ሊስመው ሲሞክር ሊወድቅ ነበር፣ ደግፈን ያዝነው፣ ሁላችንም ሳቅን። እሱም አብሮን ሳቀ። ያን ጊዜ የሳቀውን ሳቅ አሁን ቆሜ ከየት እንደመጣ ፈለግኩት።

ውጭ መኪና ሲቆም ተሰማ። ወንድሜ "የማዕከሉ ናት" ብሎ ሸሚዙን እያስተካከለ ወደ በሩ ሄደ፤ ልጄ ፒኗን መልሳ እጄ ላይ አስቀምጣ ካርቶኑን ልትዘጋ ማሸጊያ ፍለጋ ገባች። ብቻዬን ከካርቶኑ ጋር ቀረሁ። በዕድሜዬ ደፍሬ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት አንስቼ የባሌን ፒን ጠቀለልኩ፤ ጫፎቹን እንደ ከረሜላ አጠማዘዝኩት፣ ከሌሎቹ መካከል ጣል አደረግኩት። እዚያ ሲፈቱት ያዩታል፣ የተላጠውን ጎን ያዩታል፣ ይመልሱታል፣ ማንም ምንም ሳይናገር። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ተመልሼ ቀዝቃዛው ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ።

የማዕከሉ ባለሙያ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ድካም ፊቷ ላይ የሰፈረባት ሴት ናት፤ የእርሳስ ቁራጭ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታለች። ከካርቶኑ አንዱን አንስታ ልትፈታ ስትል ወንድሜ "የታሸገውን ለምን ያቆሽሹታል፣ ለሙከራ ያስቀመጥኩት አለ" ብሎ ባለ ቀይ ክሯን ከኪሱ አወጣ። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ትንሽ ሞረድ አውጥታ ፒኗን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፋ ሞረደቻት። ሞረዱ መስታወት ላይ እንዳለ ሆነ፣ ተንሸራተተ፣ አንድ ጭረት አልወጣም። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። የልጄ ሥራ ነበረች።

"ጎበዝ፣ ቀንድ ነው የሆነው" አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ጥቅሎቹን እየቆጠረች ወደ ራሷ ሣጥን ታዛውር ጀመር። መጨረሻ ላይ የእኔ ጥቅል ብቻ ካርቶኑ ውስጥ ቀረ። "ኢንጂነር፣ አንድ ትርፍ አለብዎት" ብላ አነሳችው፤ አጠማዘዙን አይታ ሳቀች። "ይሄን ደግሞ የጠቀለለው ማነው፣ ለልደት ነው እንዴ?"

ፈታችው። ፒኗ ወረቀቱ ላይ ተጋድማ ነበር፣ ወርቁ ወደ ላይ። የተላጠው ጎን ከታች። ያን ሁሉ አስቤ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሚሆን አላሰብኩም። ሴትዮዋ ወረቀቱን ከነፒኗ ለወንድሜ ዘረጋችለት፣ "ከቁጥሬ በላይ አልወስድም፣ በኋላ ችግር ነው" አለች። እሱም ተቀበለ። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

"ውይ፣ የሚዛን ሠራተኛው ባለቤት አይደለሽም? እኔ እኮ ነኝ ያለማመድኩት! እንዴት ነው? ጉልበቱ እንዴት ሆነለት?"

ያ ነው እንግዲህ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ፣ በስሜ ተጠራሁ ማለት ነው። ልጄ ማሸጊያውን በእጇ እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል፣ እሱም ያየኛል። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ሰው እንዴት ነው ሲባል እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ መልስ ነው የማውቀው፤ ታምሜም፣ ተርቤም፣ ባሌ ሆስፒታል ተኝቶ እግሩ በተቆረጠ ሳምንት እንኳ እንዴት ነው ሲሉኝ የመለስኩት ይሄንኑ ነው። አፌ ከእኔ ቀደመ።

"ደህና ነው፣ ተመስገን።"

"ተመስገን!" አለች ሴትዮዋም። "እነዚህም እንደሱ ይሁኑልን። ስንት ሰው ነው የሚጠብቀው።" ሣጥኗን ብድግ አድርጋ ወጣች። ልጄ በሩን ያዘችላት። የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

ከዚያ ወንድሜ ፒኗን በጣቱ ገለበጣት። አመድማውን ጎን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፒኗን አየ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ፒኗን ኪሱ ከተተ፣ ባለ ቀይ ክሯን አንስቶ መጣ፣ እጄን ገልጦ መዳፌ ላይ አስቀመጣት፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ።

"በይ ለባልሽ" አለ። "ወንድምሽ ነኝ።"

ልጄ ጀርባዋን ሰጥታን ገንዳውን ታጥብ ጀመር። ብሩሹ ፕላስቲኩን ሲፍቀው ከበር ውጭም ይሰማኝ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ቲማቲም ገዛሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ኪሎ የገዛሁበት ዛሬ አንድ ኪሎ ሆኗል፤ ሻጯ "መኪና የለም፣ መንገድ የለም" ትላለች፤ አልተከራከርኳትም፣ ቀይ መሆኑን እንጂ መፍረጡን ሳላይ ተቀብያት ሄድኩ። በልብስ ሰፊው መስኮት ሥር በጥግ በጥግ ልሾልክ ነበር። ቅርጫቱ ከፊቴ ወረደ። ውስጡ ባለፈው ልጄ ያደረሰችለት የባሌ ሱሪ አለ፣ ታጥፎ።

"ውሰጂለት እትዬ፣ የአዲሱ እግር ጉልበት እንዳይቀድበት ከውስጥ ገበር አድርጌበታለሁ። ሒሳብ የለውም፣ የወርቅ ወንድማማቾች ነን። የእኔ ተጫነ?"

"ተጫነ" አልኩ ወደ ላይ ሳላይ።

"አየሻቸው?"

"አየኋቸው።"

"ያምራሉ?"

"ያምራሉ" አልኩ። ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም።

ቤት ስደርስ ባሌ እንዳስቀመጥኩት ነበር፣ ሬዲዮኑም እንደዚያው ያወራል። ፒኗን ሰጠሁት። ወደ አምፖሉ አንስቶ አያት፣ "ይቺ ፈዘዝ ብላለች፣ ያችኛዋ ነበረች የምታብረቀርቀው" አለ፤ ቢሆንም ገጠማት፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ እግሩን ለበሰና ተነሳ። ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋው። ቆም ብሎ ጆሮውን ወደ ጉልበቱ አዘነበለ። "ሰማሽ?" አለኝ። "ምንም አልሰማሁም።" "እኮ! ምንም!" ፊቱ በራ። ገበር የገባለትን ሱሪ ሲያይማ እንደ ልጅ ሆነ፤ ሰኞ ከሥራ ቀድሞ ወጥቶ ልብስ ሰፊውን ከማዕከሉ ሊቀበለው ነው፣ በእግራቸው ሊመለሱ ነው፣ ደረጃውን አብሮት ሊወጣ ነው። "አንድ ደረጃ ወጥቶ አንድ ጊዜ ይሳደባል፣ ታያለሽ፣ ስድብ ያልቅበታል" አለ። ቲማቲሙን እየከተፍኩ ሰማሁት። የፈረጠውን ከደህናው እየለየሁ።

ልጄ ዘግይታ ገባች። ጣቶቿ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ነገር አለ፣ ሳሙና ያላስለቀቀው። ባሌ ጉልበቱን እያጠፈ እየዘረጋ አሳያት፣ "አንጥረኛዬ፣ እጅሽ ይባረክ!" አላት፣ ግንባሯን ሳማት። ልጄ ቆማ ተሳመች። ዳቦው ቀረበ፣ ሾርባው ቀረበ፣ አልበላችም፤ "በልቻለሁ" ብላ ከመጋረጃው ወዲያ ወዳለው አልጋዋ ሄደች። ባሌ "ምን ሆነች?" በሚል ዓይን አየኝ፤ እኔም "ደክሟት ነው" በሚል ዓይን መለስኩለት። ብዙ ዓመት አብረን ስለኖርን እንዲህ ያለውን ያለ ቃል እንችላለን። ሳህኖቹን አጥቤ ብርድ ልብስ ልጨምርላት ገባሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ እንዳልተኛች ከትከሻዋ አውቃለሁ።

"ሴትዮዋ ስትጠይቅሽ አንቺን ነበር የምጠብቀው" አለች በሹክሹክታ።

"ለአንቺ ፈርቼ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔም ገንዳው ላይ የቆምኩት ለእናንተ ፈርቼ ነው።" ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር ቀጠለች። "ልብስ ሰፊው ስንተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው?"

ታውቃለች። ሱሪ ይዛ ስንት ቀን ወጥታ ወርዳለች። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳብኩላት፤ ብዙም ብርድ አልነበረም።

በራችንን ማታ የምዘጋው እኔ ነኝ። እዘጋለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሌባ ይታየኛል፣ ተነስቼ እንደገና እሞክረዋለሁ፤ ባሌ "በሩ ደከመው፣ ተይው ይተኛ" ይለኛል። ዛሬ ገና ከመጋረጃው ስወጣ በእጁ አስቆመኝ። "ዛሬ እኔ ነኝ የምዘጋው" አለ፣ እንደ ትልቅ ወግ። ከዘራውን አልጋው ላይ ትቶ ተነሳ። በመስኮቱ በኩል የወንድሜ ሳሎን መብራት እንደበራ ነው፣ ጥላው ወዲያ ወዲህ ይላል። ባሌ ክፍሏን አቋረጠ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጉልበቱ ታጥፎ እየተዘረጋ፣ ማንንም ሳይደገፍ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ልጄ ትንፋሿን እንደያዘች አወቅሁ፣ እኔም ይዤ ነበር። ሲጥ የሚል ነገር ጠበቅን። አልመጣም። የተሰማው ቁልፉ ሲዞር ብቻ ነው።